በረዶውን በምን እንለካው? ከቱቦ እስከ ሳተላይት ያሉ ምርጫዎች ሲነጻጸሩ

ባለፈው ማርች አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። ከኮሎራዶ ተራሮች ማዶ፣ ፓሊሴድ አጠገብ፣ የኮክ ዛፍ ያለበት ትንሽ መሬት ከገዛ ሁለት ዓመት ሆነው። «ወንድሜ፣ ተራራው ነጭ በነጭ ሆኗል። ዘንድሮስ ውኃ አይቸግረኝም አይደል?» አለኝ። ቀጥሎ ስልኩ ላይ ያገኛቸውን ቁጥሮች አነበበልኝ። አንዱ በኢንች ነው፣ አንዱ በመቶኛ፣ አንዱ ደግሞ በሰማያዊና በቀይ የተቀባ ካርታ። አንዱ ከአንዱ አይገናኝም። «የቱን ልመን?» ነው ጥያቄው።

በስልክ ተናግሬ የምጨርሰው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ጻፍኩት። ኮሎራዶ ለምንኖር ሐበሾች ጉዳዩ የገበሬ ብቻ አይደለም። ዴንቨርና ኦሮራ ውስጥ ከቧንቧ የምንቀዳው ውኃ አብዛኛው ተራራ ላይ ከርሞ የቀለጠ በረዶ ነው። ከዲለን ግድብ ወደ ዴንቨር የሚመጣው ውኃ የሮበርትስን ዋሻ ያቋርጣል። ዋሻው በተራራው ሆድ ውስጥ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። የዚያ ውኃ ሂሳብ የሚጀምረው ከላይ፣ ከበረዶው ነው።

ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። አገር ቤት «በረዶ» ስንል ከዝናብ ጋር ወርዶ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ጠጠር ነው። እዚህ በረዶ የምለው ግን «ስኖው» የምንለውን፣ በመጽሐፍ ቅዱስ «አመዳይ» የሚባለውን ነው። ዓመቶቹን የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከሁሉ በፊት የጣሳው ሙከራ

ቤታችሁ ሞክሩት። ጃንዋሪ ላይ፣ በደረቅ ብርድ የወረደ አዲስ በረዶ ሳትጠቀጥቁ በጣሳ ሙሉ። ወጥ ቤት አስገብታችሁ አቅልጡት። ከጣሳው ቁመት አንድ አስረኛውን እንኳ ላይሞላ ይችላል። ኤፕሪል ላይ ደግሞ ተራራ ስትወጡ ከዛፍ ጥላ ሥር የከረመውን አሮጌ በረዶ በዚያው ጣሳ ሙሉና አቅልጡ። አሁን ሲሶው ይሞላል፣ አንዳንዴም ወደ ግማሽ ይጠጋል።

ጣሳው ያው ነው፣ ከፍታውም ያው ነው፤ ውኃው ግን ሦስት አራት እጥፍ ሆነ። ወዳጄን ያደናገረው ይኼ ነው። «አንድ ሜትር ተኩል በረዶ አለ» ማለት ብቻውን ስለ ውኃ ምንም አይናገርም። ገበሬውም የውኃ ድርጅቱም ማወቅ የሚፈልጉት በረዶው አሁን ቢቀልጥ ስንት ሚሊ ሜትር ውኃ እንደሚወጣው ነው። ይህን «የውኃ ይዘት» እለዋለሁ። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር ሁሉ የሚዞረው በዚህ ቃል ዙሪያ ነው።

መመዘኛዎቹ

ዘዴዎቹን የመዘንኳቸው በአምስት ጥያቄ ነው። የሚለካው ምንድን ነው፤ በረዶው የሸፈነው ስፋት፣ ከፍታው ወይስ የውኃ ይዘቱ? ቁጥሩ የሚናገረው ስለ አንድ ነጥብ ነው ወይስ ስለ ሙሉ ተፋሰስ? በስንት ጊዜ አንዴ ይታደሳል? የት ላይ ይሳሳታል? ስንትስ ያስወጣል?

አራተኛውን አትዝለሉት። ሁሉም ዘዴ የሚሳሳትበት ቦታ አለው። የሚሳሳትበትን ቦታ የማታውቁት ቁጥር ባይኖራችሁ ይሻላል።

1. ቱቦና ሚዛን

የሁሉም አባት ይኼ ነው። ጄምስ ቸርች በኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ የላቲንና የግሪክ ቋንቋ መምህር ነበሩ። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ሬኖ ከተማ አጠገብ ያለውን የሮዝ ተራራ እየወጡ በረዶውን በቱቦ እየወጉ መመዘን ጀመሩ። በዚያን ጊዜ በታሆ ሐይቅ ውኃ ከፍታ ላይ ጠብ ነበር። በረዶውን በመመዘን ሐይቁ በጸደይ ምን ያህል እንደሚሞላ አስቀድሞ መናገር እንደሚቻል አሳዩ።

አሠራሩ ዛሬም ያው ነው። ጥርስ ያለው የአሉሚኒየም ቱቦ እስከ መሬት ድረስ ይወጋል። ጫፉ ላይ ትንሽ አፈር ወይም ሣር ይዞ ከወጣ መሬት ነክቷል ማለት ነው። አፈሩ ይጠረጋል፣ ከፍታው ይነበባል፣ ከዚያ ቱቦው ከነበረዶው በሚዛን ላይ ይንጠለጠላል። የቱቦው አፍ የተሠራው አንድ ኢንች ውኃ አንድ አውንስ እንዲመዝን ሆኖ ነው። ስለዚህ ሚዛኑ ላይ ያለው ቁጥር ራሱ የውኃ ይዘቱ ነው። ይህ በአንድ መስመር ላይ አሥር ቦታ ያህል ይደገምና አማካዩ ይያዛል።

ትልቁ ሀብቱ ዕድሜው ነው። በአንድ ቦታ ለሰማንያና ለዘጠና ዓመት የተለካ መዝገብ በሌላ መንገድ አይገኝም። ኤፕሪል 1 ቀን 2015 የካሊፎርኒያው አገረ ገዢ ጄሪ ብራውን ፊሊፕስ ወደሚባለው መለኪያ ቦታ ሲሄዱ የቆሙት ደረቅ ሣር ላይ ነበር። የግዛቱ በረዶ ከአማካዩ 5 በመቶ ብቻ ነበር። በዚያው ቀን የ25 በመቶ የውኃ ቁጠባ ግዴታ አወጁ። ያን ቀን ከሌላው ዓመት ጋር ማነጻጸር የተቻለው ከ1940ዎቹ ጀምሮ እዚያው ቦታ ላይ የለካ ሰው ስለነበረ ነው።

ድክመቱ በወር አንዴ መለካቱ ነው። በመካከሉ ሞቃት ሳምንት ገብቶ ቢያቀልጠው አታውቁም። ለኪውም ናዳ በሚያሰጋበት ገደል አይሄድም።

2. የበረዶ ትራስ

ስሙ እንደሚለው ትራስ ነው። ሦስት ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ አንቲፍሪዝ የተሞላ ጠፍጣፋ ከረጢት መሬት ላይ ይዘረጋል። በረዶው ሲከመርበት ክብደቱ ፈሳሹን ይጫነዋል፤ ግፊቱ ተለክቶ ወደ ውኃ ይዘት ይቀየራል። ሰው አይፈልግም፣ በየሰዓቱ ይልካል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ስኖቴል በሚባለው መረቡ በምዕራብ አሜሪካና በአላስካ ከ900 በላይ እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች አሉት። መረጃው ለማንም ክፍት ነው፣ ክፍያ የለውም።

እኔ በየቀኑ ከማያቸው ሁሉ የመጀመሪያው ይኼ ነው። ግን ሦስት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛ፣ መቶኛው ያታልላል። ጣቢያው «ከመካከለኛው 200 በመቶ» ሲል፣ ማለትም በዚያው ቀን ከብዙ ዓመታት መካከለኛ ልኬት ጋር ሲያነጻጽር፣ ወሩን እዩ። ኦክቶበር ላይ በተለምዶ 10 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚኖር ከሆነ፣ 20 መሆኑ 200 በመቶ ነው፤ ለመስኖ ግን ከምንም አይቆጠርም። ጁን ላይም እንደዚያው ነው። በተለምዶ ቀልጦ በሚያልቅበት ጊዜ ትንሽ ቢተርፍ መቶኛው ሰማይ ይነካል። መቶኛው ቁም ነገር የሚሆነው ከማርች እስከ ሜይ መጀመሪያ ነው። ከዚያ ውጭ ሚሊ ሜትሩን ብቻ አንብቡ።

ሁለተኛ፣ በበረዶው ውስጥ ጠንካራ የበረዶ ግግር ሲሠራ ክብደቱን እንደ ድልድይ ወደ ጎን ይሸከመዋል። ትራሱ ያን ጊዜ ከእውነተኛው ያነሰ ያነብባል። ቁጥሩ ድንገት ወርዶ ማግስቱን ከተመለሰ፣ የቀለጠ ነገር ላይኖር ይችላል።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ጣቢያዎቹ የተተከሉት ሰው ሊደርስባቸው በሚችል፣ ነፋስ በማይበዛበት የጫካ ገላጣ ላይ ነው። ከነሱ በላይ ያለው ጫፍ አይለካም። ጁን ላይ ትራሱ ዜሮ ሲል ተራራው ጫፍ ገና ብዙ ውኃ ሊኖረው ይችላል። ይህ ወደ አውሮፕላኑ ያመጣናል፤ ከዚያ በፊት ግን ወደ ጓሯችን።

3. የጓሮ ሰሌዳና የዝናብ መለኪያ

በጁላይ 1997 ፎርት ኮሊንስ በጎርፍ ተመታች። በማግስቱ ዓመት የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ኮኮራስ የሚባለውን የበጎ ፈቃደኞች መረብ ጀመሩ። ማንም ሰው ከጓሮው ለክቶ በየጠዋቱ ይልካል። እኔም እለካለሁ። የሚያስፈልገው ነጭ የተቀባ ጣውላ፣ ማስመሪያና 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የዝናብ መለኪያ ነው። በጥቂት አሥር ዶላሮች ይገኛል።

በብርዱ ወራት ከመለኪያው ላይ ማጥለያውንና የውስጥ ቱቦውን አውጡ። በረዶው በሰፊው ሲሊንደር ውስጥ ይግባ። ጠዋት የለካችሁትን ሞቅ ያለ ውኃ ጨምሩበትና አቅልጡት፤ የጨመራችሁትን ቀንሱ። የቀረው የሌሊቱ በረዶ የውኃ ይዘት ነው። ነፋስ ከበዛና ሲሊንደሩ በደንብ ካልተቀበለ፣ ገልብጣችሁ ጣውላው ላይ ያለውን በረዶ ልክ እንደ ብስኩት ቆርጣችሁ አቅልጡት።

ለትንበያ ሰዎች ይህ ቁጥር ውድ ነው። ግን የከተማ ቁጥር ነው፤ ስለ ተራራው አይናገርም።

4. ሳተላይት

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት አለ፤ ሰው ብዙ ጊዜ ያደባልቃቸዋል።

የመጀመሪያው ፎቶ የሚያነሳው ነው። በረዶ ዓይን የሚያየውን ብርሃን መልሶ ያንጸባርቃል፣ ከኢንፍራሬዱ የተወሰነውን ክፍል ግን ይውጠዋል። ደመና ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ያንጸባርቃል። በዚህ ልዩነት ሁለቱ ይለያሉ። ሞዲስ የተባለው መሣሪያ ከ2000 ጀምሮ በየቀኑ በ500 ሜትር ጥራት ሲያሳይ ኖሯል። ቪርስ የተባለው ተተኪው 375 ሜትር ነው። ላንድሳት 30 ሜትር ድረስ ያጠራል፤ ግን ሁለቱ ሳተላይቶች ተደምረው አንድን ቦታ የሚያዩት በ8 ቀን አንዴ ነው። ሴንቲኔል ሁለት ከ10 እስከ 20 ሜትር ይደርሳል፣ በ5 ቀን አንዴ። ሁሉም በነጻ ይገኛሉ።

የሚነግሯችሁ ግን በረዶው የት እንዳለ ብቻ ነው። አሥር ሴንቲ ሜትርም ሦስት ሜትርም ከላይ ሲታይ ያው ነጭ ነው። ደመና ከመጣ አያዩም፤ ጥቅጥቅ ያለ ጥድ ሥር ያለውንም ይስታሉ።

ሁለተኛው ከመሬት የሚወጣውን ደካማ ማይክሮዌቭ የሚያዳምጠው ነው። ደመናና ሌሊት አያግደውም፣ የውኃ ይዘትም ይገምታል። ሲሰሙት ያጓጓል። ነገር ግን የአንዷ ነጥብ ስፋት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የውኃ ይዘቱ ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ሲያልፍ መለየት ያቅተዋል፤ እርጥብ በረዶም ያሳስተዋል። ለካናዳ ሜዳና ለሳይቤሪያ ይሁን። ለኮሎራዶ ተራራ አልመክረውም።

5. አውሮፕላን

ላይዳር የሌዘር ጨረር ወደ ታች እየላከ ርቀትን የሚለካ መሣሪያ ነው። አውሮፕላኑ በረዶ በሌለበት ወቅት ባዶውን መሬት ይለካል። በረዶ ሲሞላ ተመልሶ ያንኑ መንገድ ይበርራል። የሁለቱ ልዩነት የበረዶው ከፍታ ነው፤ ያውም በየሦስት ሜትሩ፣ ለሙሉው ተፋሰስ። ከፍታው ከእፍጋቱ ጋር፣ ማለትም በረዶው ምን ያህል ታጭቆ እንደከበደ ከሚያሳየው ቁጥር ጋር፣ ሲባዛ የውኃ ይዘት ይወጣል። የናሳ ቤተ ሙከራ ከካሊፎርኒያ የውኃ መሥሪያ ቤት ጋር በ2013 የጀመረው በቱዎለሚ ተፋሰስ ነበር፤ የሳን ፍራንሲስኮ ውኃ የሚመጣው ከዚያ ነው።

በ2019 የዴንቨር ውኃ ድርጅት ከዲለን በላይ ያለውን ተራራ በኤፕሪልና በጁን አስበረረ። በጁኑ በረራ የስኖቴል ጣቢያዎቹ በረዷቸውን ጨርሰው ነበር። ከነሱ በላይ ግን ወደ ግድቡ ሊወርድ የተዘጋጀ ብዙ ውኃ ገና ተራራው ላይ እንደነበር አውሮፕላኑ አሳየ። ግድቡን ለሚከፍትና ለሚዘጋ ሰው ይህ መረጃ የጎርፍ ጉዳይ ነው።

ከሁሉም ትክክለኛው ይኼ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ውድ ነው፤ በዓመት ሁለት ሦስቴ ብቻ ነው የሚበርረው። እፍጋቱም የሚመጣው ከስሌት ሞዴል ወይም ከቱቦው ነው። አዎ፣ የቸርች ቱቦ ዛሬም ሥራ አልፈታም።

ለሜዳማ አገር ሌላ ዓይነት በረራ አለ። አፈር በተፈጥሮው ጋማ ጨረር ይለቃል፤ በረዶው ውስጥ ያለው ውኃ ጨረሩን ይጋርደዋል። 150 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ የሚበርር አውሮፕላን ከቅነሳው የውኃ ይዘቱን ያወጣል። ለሰሜን ዳኮታ ጥሩ ነው፣ ለገደላማ ተራራ አይሆንም።

6. ሞዴል

ልኬት ያለፈውንና የአሁኑን ይናገራል። ነገ ስንት ይቀልጣል የሚለውን ግን ሞዴል ነው የሚመልሰው።

ቀላሉ የዲግሪ ቀን ስሌት ነው። ለምሳሌ በአንድ ቦታ በረዶው ከዜሮ በላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ይቀልጣል እንበል። የቀኑ አማካይ ሙቀት 5 ዲግሪ ከሆነ 20 ሚሊ ሜትር ቀለጠ። 300 ሚሊ ሜትር የውኃ ይዘት ያለው በረዶ በዚህ አያያዝ በ15 ቀን ያልቃል። የሙቀት መረጃ ካለ በወረቀትና በእርሳስ ይሠራል። ኤሪክ አንደርሰን በ1973 ያወጡት ስኖው 17 የተባለው ሞዴል ይህንኑ ሐሳብ አዳብሮ የአሜሪካ የወንዝ ትንበያ መሠረት ሆኖ ቆይቷል።

በአባይ ተፋሰስ ላይ በስዋት ወይም በኤች.ቢ.ቪ. የሠራችሁ የውኃ ምህንድስና ተማሪዎች ይህን ልብ በሉ። ሁለቱም ሞዴሎች ውስጥ የበረዶ ክፍል አለ፤ በዲግሪ ቀን ነው የሚሠራው። አገር ቤት ስላላስፈለገን አልነካነውም እንጂ መሣሪያው እጃችሁ ላይ ነው።

የዲግሪ ቀን ድክመት አቧራ ነው። በጸደይ ከደቡብ ምዕራቡ በረሃ ተነስቶ የሳን ዋን ተራሮች ላይ የሚያርፈው ቀይ አቧራ በረዶውን ያጠቁረዋል። የጠቆረ በረዶ ፀሐይ ይጠጣል። ቴርሞሜትሩ ሳይንቀሳቀስ በረዶው በሳምንታት ቀድሞ ያልቃል። ይህን የሚያየው የፀሐይን፣ የነፋስንና የእርጥበትን ኃይል አንድ በአንድ የሚያሰላው የኃይል ሚዛን ሞዴል ነው። ያ ደግሞ ብዙ መረጃና የሠለጠነ ሰው ይጠይቃል። መረጃ ሳይኖራችሁ ብትገቡበት ከቀላሉ የባሰ ልትሳሳቱ ትችላላችሁ።

መካከለኛው መንገድ ስኖዳስ ነው። የአሜሪካ የአየር ትንበያ ሰዎች ከ2003 ጀምሮ ሞዴልን ከጣቢያ፣ ከሳተላይትና ከአውሮፕላን ልኬት ጋር አዋህደው በየቀኑ በ1 ኪሎ ሜትር ጥራት ያወጡታል። በነጻ ነው። ነፋስ በረዶውን እየጠረገ በሚወስድበት ባዶ ጫፍ ላይ ግን አትመኑት።

ሞዴል የረሳው አፈር ምን እንደሚያደርግ 2021 አሳይቶናል። በላይኛው የኮሎራዶ ወንዝ በረዶው ከተለመደው የቀነሰው በጥቂቱ ነበር። ከኤፕሪል እስከ ጁላይ ወደ ፓወል ሐይቅ የገባው ውኃ ግን ከአማካዩ ሲሶ እንኳ አልሞላም። ከዚያ በፊት የነበረው የ2020 በጋና መኸር ደረቅ ስለነበር የተጠማው አፈር የቀለጠውን ቀድሞ ጠጣው።

ለአየር ትንበያ ሲሆን ሚዛኑ ይለወጣል

ለውኃ የውኃ ይዘት ንጉሥ ነው ብለናል። ለነገ አየር ግን ዋናው በረዶው ዛሬ ማታ የት እንዳለ ነው። አዲስ በረዶ ከፀሐይ ብርሃን ከ80 እስከ 90 በመቶ ይመልሳል። ሌሊት ደግሞ ከሥሩ ያለውን የመሬት ሙቀት ይከልላል፤ ከላይ ያለው አየር ይበርዳል። ሞዴሉ በረዶ የለም ብሎ ካሰበ የነገውን ቀን አለልክ ያሞቀዋል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው በየቀኑ የሚታደስ የስፋት ካርታ ነው። አይ.ኤም.ኤስ. የሚባለው የሰሜን ንፍቀ ክበብ ካርታ ከ2014 ጀምሮ በ1 ኪሎ ሜትር ይወጣል።

ባጭሩ በሠንጠረዥ

| ዘዴ | የሚለካው | የሚወክለው ቦታ | የሚታደሰው | የሚሳሳትበት | ለእናንተ ያለው ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ቱቦና ሚዛን | ከፍታና የውኃ ይዘት | አንድ መስመር | በወር አንዴ | በመካከል የቀለጠውን አያይም | የሰው ጉልበት |
| የበረዶ ትራስ | የውኃ ይዘት | አንድ ነጥብ | በየሰዓቱ | ግግር ሲሠራ፤ ከፍ ያለው ጫፍ | መረጃው በነጻ |
| የጓሮ መለኪያ | ከፍታና የውኃ ይዘት | ሰፈር | በየቀኑ | ነፋስ | ጥቂት አሥር ዶላር |
| ፎቶ ሳተላይት | ስፋት ብቻ | ሁሉም ቦታ | ከ1 እስከ 8 ቀን | ደመናና ጫካ | በነጻ |
| ማይክሮዌቭ ሳተላይት | የውኃ ይዘት ግምት | 25 ኪሎ ሜትር | በየቀኑ | ተራራ፣ እርጥብና ጥልቅ በረዶ | በነጻ |
| ላይዳር በረራ | ከፍታ | ሙሉ ተፋሰስ | በዓመት ጥቂት ጊዜ | እፍጋቱ ከሌላ ይመጣል | በጣም ውድ |
| ስኖዳስ | የውኃ ይዘት ግምት | 1 ኪሎ ሜትር | በየቀኑ | ነፋስ የሚጠርገው ጫፍ | በነጻ |

ማን የቱን ይያዝ?

ታክሲ ወይም ከባድ መኪና ይዛችሁ በ70 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ቬይል የምትወጡ ከሆነ የውኃ ይዘት አያስፈልጋችሁም። የአየር ትንበያውንና የመንገድ ካሜራዎቹን እዩ። ሙቀቱ ዜሮ አካባቢ ሲሆን የሚወርደው እርጥብና ከባድ በረዶ ነው፤ ማርች 2003 ዴንቨር ላይ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ያወረደው ዓይነት። ከደረቁ የጃንዋሪ በረዶ ይልቅ እሱን ፍሩት።

ተማሪ ከሆናችሁና በጀት ከሌላችሁ አንድ ትንሽ ተፋሰስ ምረጡ። የስኖቴል መረጃ፣ የሞዲስ ስፋትና የዲግሪ ቀን ስሌት በቂ ናቸው። ጥሩ የመመረቂያ ሥራ ይወጣዋል፤ አንድ ብር ሳታወጡ።

ትንሽ የመስኖ ማኅበር የራሱን ትራስ ለመትከል ገንዘብ ማሰባሰብ የለበትም። ያለውን ጣቢያ ይጠቀምና ጣቢያ በሌለበት ሸለቆ አንድ የቱቦ መስመር ይጀምር፤ በየዓመቱም ሳያቋርጥ ይለካ። የሦስት ዓመት መዝገብ ብዙ አይናገርም፣ የሃያ ዓመቱ ግን ሀብት ነው።

ግድብ የሚያስተዳድር ከተማ ደግሞ በላይዳር ላይ መቆጠብ የለበትም ባይ ነኝ። ቢያንስ አንድ በረራ ኤፕሪል አካባቢ፣ ሌላው ማቅለጡ ሲጋመስ። ጎረቤት ተፋሰሶች ወጪውን ቢጋሩ ይቀላል።

ወዳጄን በተመለከተ፣ ከመሬቱ በላይ ባለው ወንዝ ላይ ሦስት የስኖቴል ጣቢያ መረጥንለት። መቶኛውን ትቶ ሚሊ ሜትሩን ከዚያው ቀን መካከለኛ ጋር እንዲያነጻጽር አሳየሁት። ሜይ ላይ ደግሞ ከፍ ያለው ጫፍ ላይ ምን እንደቀረ በሳተላይት እንዲያይ። ከዚያ ሶልት ሌክ ሲቲ ያለው የኮሎራዶ ተፋሰስ የወንዝ ትንበያ ማዕከል ያወጣውን ትንበያ ከፈትን። ትንበያው አንድ ቁጥር አይደለም። ከአሥር ዓመት በዘጠኙ ሊገኝ የሚችል ዝቅተኛ መጠን አለ፣ መካከለኛ አለ፣ ከአሥር ዓመት በአንዱ ብቻ የሚገኝ ከፍተኛ አለ። እሱ ሲያይ የከረመው መካከለኛውን ብቻ ነበር።

«ለኮክ ዛፍ በዝቅተኛው ነው የሚታቀደው» አልኩት። «የደረቀ ዛፍ በሚቀጥለው ዓመት አይመለስም።»

ያለፈው መኸር ደረቅ ነበር። ሁለታችንም ዝቅተኛውን ቁጥር ትንሽ ዝም ብለን አየነው። አዲስ ሊተክላቸው ካሰባቸው ችግኞች ግማሹን ለሚቀጥለው ዓመት አቆያቸው።